በሞቃት አካባቢ አቮካዶን ለገበያ ማልማት፦ መሬቱን በሙሉ በሃስ ልሸፍን ወይስ ዝርያ ልቀላቅል?

አዲስ ማሳ፦
ጤና ይስጥልኝ። አምስት ሄክታር ገደማ በሚሆን መሬት ላይ አቮካዶን ለገበያ ለማልማት በዝግጅት ላይ እገኛለሁ። ቦታው ሞቃት ነው፤ በደረቁ ወራት የቀኑ ሙቀት ከ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚያልፍባቸው ጊዜያት አሉ፣ ሌሊቱም ብዙ አይቀዘቅዝም። የመሬቱ የላይኛው ክፍል ተዳፋትና ቀይ አፈር ሲሆን የታችኛው ሜዳና ጥቁር መረሬ ነው። ውኃ የማገኘው ከጉድጓድ ነው። ገዢዎች የሚጠይቁት ሃስ የተባለውን የአቮካዶ ዝርያ ብቻ ስለሆነ መሬቱን በሙሉ በሃስ ለመሸፈን አስቤአለሁ፤ ችግኝ አቅራቢውም ይህንኑ ይመክረኛል። ሆኖም ሃስ በሙቀት የፍሬው መጠን ያንሳል ሲባል ደጋግሜ ስለሰማሁ፣ ችግኝ ከማዘዜ በፊት በሥራው ላይ ያላችሁትን ልጠይቅ ወደድሁ። ዝርያውን እንዴት ልምረጥ? በምን ያህል ርቀት ልትከል? ገንዘቤንስ አስቀድሜ በምን ላይ ላውል?

ቀይ አፈር፦
እንኳን ደህና መጡ። ከጻፉት ሁሉ እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ሜዳው ላይ ያለው መረሬ ነው። የአቮካዶ ሥር ጠልቆ የሚወርድ አይደለም፤ እንደ ሌሎች ዛፎችም በጥቃቅን የሥር ፀጉሮች የተሸፈነ አይደለም። ውኃና ምግብ የሚስበው አብዛኛው ሥር ከላይኛው 30 ሴንቲሜትር አፈር ውስጥ ተዘርግቶ ይኖራል፣ አየርም አጥብቆ ይሻል። አፈሩ ውኃ አቁሮ አንድ ሁለት ቀን ከቆየ ይህ መጋቢ ሥር መታፈንና መሞት ይጀምራል። ከዚያ የሚከተለው ደግሞ የባሰ ነው። ፋይቶፍቶራ ሲናሞሚ የሚባለው የሥር አበስብስ በሽታ አምጪ ተሕዋስ ዘሩ በውኃ ውስጥ እየዋኘ ከሥር ወደ ሥር የሚሄድ በመሆኑ፣ በውኃ የተሞላ ሞቃት አፈር እጅግ ይመቸዋል። በዓለም ላይ ያሉት የሃስ ዛፎች ሁሉ የተገኙባት እናት ዛፍ እንኳ፣ በ1926 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ ላ ሃብራ ሃይትስ የተተከለችው፣ በ2002 እ.ኤ.አ. የሞተችው በዚሁ በሥር መበስበስ ነው።

ስለዚህ አንድ ችግኝ ሳያዝዙ በላይኛውም በታችኛውም መሬት በርከት ባሉ ቦታዎች አንድ ሜትር ጥልቀት ያላቸው ጉድጓዶች ያስቆፍሩ። ግድግዳቸውን አስተውለው ይመልከቱ፤ አፈሩ ግራጫ ሆኖ የዝገት ቀለም ያለው ነጠብጣብ ከታየበት፣ ያ ቦታ በዓመቱ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ውኃ ተኝቶበት እንደሚከርም ምልክት ነው። ከዚያ ጉድጓዱን በውኃ ይሙሉት፤ ሲሰርግ እንደገና ይሙሉትና በማግስቱ ጠዋት ይዩት። ውኃው እዚያው ካለ በዚያ ቦታ ላይ አቮካዶ አይትከሉ። ገንዘቤን አስቀድሜ በምን ላይ ላውል ላሉት የእኔ መልስ ይህ ነው።

መስኖኛ፦
በመሠረቱ እስማማለሁ፤ ነገር ግን ውኃ ቀስ ብሎ የሚሰርግበት መሬት ሁሉ የተዘጋ በር አይደለም። አፈሩን ወደ መሐል ሰብስቦ ከ60 ሴንቲሜትር እስከ አንድ ሜትር ከፍታ ያለው ሰፊ መደብ በመሥራትና ችግኙን በመደቡ አናት ላይ በመትከል ሥሩን ከእርጥበቱ በላይ ማኖር ይቻላል። በመደቦቹ መካከል ያለው ቦይ ግን መውጫ ሊኖረው ይገባል፤ መውጫ የሌለው ቦይ ከጎኑ መደብ ቢኖርም ባይኖርም ያው ኩሬ ነው።

ቀይ አፈር፦
መደቡ ከታች ትንሽ ጠጠር ያለ ንጣፍ ላለበት ለምለም አፈር ይሠራል፤ በዚያ አልከራከርም። መረሬ ግን ሌላ ጠባይ አለው። በክረምት ያብጣል፣ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል፤ በዚያ ስንጥቅ ውስጥ ያለፈው መጋቢ ሥር ሁሉ ይበጠሳል። መደቡም የሚሠራው ከዚያው አፈር ስለሆነ ጠባዩን ይዞ ይወጣል። ጠያቂው ወንድማችን የላይኛው ተዳፋት እያላቸው በዚህ ላይ ገንዘብ እንዲያፈስሱ አልመክርም። ሜዳውን ለሌላ ሰብል፣ ጠርዙን ደግሞ ለንፋስ መከላከያ ዛፍ ቢያውሉት ይሻላል።

የቆላ ፍሬ፦
ወደ ዝርያው ልመለስ። አቮካዶ ሦስት ዋና ዋና የዘር ሐረጎች አሉት። የሜክሲኮው ብርድ የሚችልና ቅባቱ የበዛ ነው፤ የጓቲማላው ቆዳው ወፍራም፣ ፍሬውም ዘግይቶ የሚደርስ ነው፤ የዌስት ኢንዲስ የሚባለው ደግሞ የሞቃት ቆላ ዛፍ ሆኖ ሙቀትንና ጨውን ከሁለቱ በተሻለ ይቋቋማል፣ ቅባቱ ግን ያንሳል። ሃስ ከጓቲማላውና ከሜክሲኮው ሐረግ የተገኘ ነው፤ ሁለቱም የከፍታ ቦታ ዛፎች ናቸው። በምርት ብዛት ከዓለም ቀዳሚ የሆነችው ሜክሲኮ ሃስን በዋነኛነት የምታለማው በሚቾአካን ተራሮች ላይ ነው። ሞቃትና እርጥብ የሆነችው ፍሎሪዳ ግን ኑሮዋን በሃስ ላይ አልመሠረተችም፤ ሲሞንድስ፣ ሉላ፣ ሞንሮ፣ ቾኬት የመሳሰሉትን አረንጓዴ ቆዳ ያላቸውን የዌስት ኢንዲስ ዝርያዎችና ድቅሎቻቸውን ታለማለች።

ሃስ በሙቀት ፍሬው ያንሳል የሚባለው እውነት ነው፤ ጉዳቱም በሚዛን ላይ ሳይሆን በደረጃ ላይ ይታያል። በውጭ ገበያ የፍሬው መጠን የሚጠራው በአንድ የ4 ኪሎ ካርቶን ውስጥ በሚገባው የፍሬ ቁጥር ነው። ቁጥር 18 ማለት አንዱ ፍሬ 220 ግራም ገደማ ነው ማለት ነው፤ ቁጥር 30 ሲሆን ግን ወደ 130 ግራም ይወርዳል። ከሄክታር የሚነሣው ቶን አንድ ሆኖ ሳለ የመጀመሪያው ያተርፋል፣ ሁለተኛው የለቀማውን ወጪ እንኳ ላይመልስ ይችላል። ገዢ ሃስ እፈልጋለሁ ሲል የሚፈልገው ደኅና መጠን ያለውን ሃስ ነውና፣ የትኛውን የመጠን ቁጥር እንደሚቀበል አስቀድመው በጽሑፍ ቢያስረግጡት ይጠቅምዎታል።

ውሳኔውን የሚሰጥዎ የአበባው ወቅት ሙቀት ነው። ቀኑ 25፣ ሌሊቱ 20 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ፍሬ መያዙ የተመቸ ነው፤ ቀኑ ከ33 ዲግሪ በላይ ሆኖ ሌሊቱም ሳይቀዘቅዝ ከሰነበተ ግን የያዘው ጨቅላ ፍሬ በብዛት ይረግፋል። ከፍተኛና ዝቅተኛ ሙቀት የሚመዘግብ ቴርሞሜትር በጥላ ሥር ሰቅለው አንድ ዓመት ሙሉ ይመዝግቡ። 35 ዲግሪ የሚሆነው ከአበባው ወቅት ውጭ ከሆነ ሃስ ተስፋ አለው፤ ከአበባው ጋር ከገጠመ ግን ከሃስ ጎን ለሙቀት የሚስማማ ድቅል መያዝ ግድ ነው። ፍሬው ከሃስ ተለቅ የሚለው ማሉማም፣ ዘግይቶ የሚደርሰው ላምብ ሃስም በጥቂቱ ሊሞከሩ ይገባል።

ንብ አርቢ፦
መሬቱን በሙሉ በአንድ ዝርያ መሸፈን ሌላም ችግር አለው። የአቮካዶ አበባ ሁለት ጊዜ ይከፈታል፤ መጀመሪያ ሴት ሆኖ፣ ከዚያ ተዘግቶ በማግስቱ ወንድ ሆኖ ይመለሳል። ኤ የሚባለው ዓይነት፣ ሃስ ከእርሱ ወገን ነው፣ ጠዋት ሴት ሆኖ ተከፍቶ በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ወንድ ይሆናል። ቢ የሚባለው ደግሞ ከሰዓት በኋላ ሴት፣ በማግስቱ ጠዋት ወንድ ነው። ስለዚህ ጠዋት የሃስ ሴቴ አበባ ብናኝ ሲጠብቅ የሚያቀብለው የቢ ዓይነት ዛፍ ነው፤ ኤቲንገር፣ ፉዌርቴ፣ ቤከን፣ ዙታኖ የዚህ ወገን ናቸው። የተለመደው አተካከል በየሦስተኛው ረድፍ በየሦስተኛው ዛፍ ላይ አንድ የቢ ዓይነት ማስገባት ነው፤ ይህም ከዘጠኝ ዛፍ አንዱ ማለት ነው። ሃስ ብቻውን ተተክሎም ፍሬ መያዙ አይቀርም፤ ይሁን እንጂ አንድ ትልቅ ዛፍ እስከ አንድ ሚሊዮን አበባ አውጥቶ ለምርት የሚደርሰው ከሺህ አንዱ እንኳ እንደማይሞላ ሲታሰብ፣ በዚህ ላይ መሰሰት ተገቢ አይደለም።

የአቮካዶ አበባ ለንብ የመጀመሪያ ምርጫዋ አይደለም፤ በአቅራቢያ የተሻለ አበባ ካገኘች ጥላው ትሄዳለች። ስለዚህ ቀፎዎቹ በሄክታር ከአምስት ባያንሱ፣ ወደ ማሳው የሚገቡትም አበባው መከፈት ከጀመረ በኋላ ቢሆን መልካም ነው፤ ቀድመው ከገቡ ሌላ አበባ ይለምዳሉ። በአበባ ወቅት ፀረ ተባይ መርጨትን ግን እባካችሁ ተዉት። ንቧን ገድሎ ፍሬ መጠበቅ አይሆንም።

አዲስ ማሳ፦
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጉድጓዶቹን አስቆፈርኩ። በላይኛው መሬት ውኃው በማግስቱ ጠዋት ሙሉ በሙሉ ሰርጎ ነበር፤ በታችኛው ግን ከግማሽ በላይ እንደቆመ አገኘሁት፣ ግድግዳውም ቀይ አፈር እንደገለጹት የዝገት ነጠብጣብ አለበት። ስለዚህ በላይኛው ሦስት ሄክታር ላይ ብቻ ለመትከል ወስኛለሁ። አሁን የቸገረኝ ችግኙ ነው። አቅራቢው ሁሉም የተዳቀሉ፣ ማለትም የዝርያው ቅርንጫፍ በሌላ ተክል ሥር ላይ የተገጠመባቸው ናቸው ይለኛል፤ በምን ላይ እንደተዳቀሉ ስጠይቀው ግን ግልጽ መልስ አይሰጠኝም። ይህ ያን ያህል ያሳስባል?

ችግኝ አፍይ፦
በጣም ያሳስባል። ከፍሬ ዘር የበቀለ ዛፍ ወላጁን አይመስልም፣ ፍሬ ለመስጠትም ከስድስት እስከ አሥር ዓመት ሊፈጅ ይችላል፤ የተዳቀለው ግን በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ዓመት ለገበያ የሚሆን ምርት ይጀምራል። ይህን ሁሉም ያውቃል። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ሥር የሚሆነው የታችኛው ክፍል፣ ሩትስቶክ የምንለው ነው። የዛፉን በሽታና ጨው የመቋቋም አቅም የሚወስነው እርሱ ነው። ከሥር አበስብስ ጋር ለረጅም ጊዜ የተፈተኑት ዱክ 7 እና ከደቡብ አፍሪካ የወጣው ዱሳ ናቸው፤ እነዚህ ከዘር ሳይሆን ከእናት ተክላቸው አካል የሚባዙ ስለሆኑ ዋጋቸው ከፍ ይላል። ዱሳ በሥር አበስብስ ፈጽሞ አይጠቃም ማለቴ አይደለም፤ ጊዜ ይሰጥዎታል ማለቴ ነው።

የጉድጓድ ውኃ እንደሚጠቀሙ ስለነገሩን ውኃውን ለክሎራይድና ለጠቅላላ ጨው ያስመርምሩ። አቮካዶ ከፍራፍሬ ዛፎች ሁሉ ለክሎራይድ እጅግ ስስ ከሆኑት አንዱ ነው፤ በሊትር 100 ሚሊግራም ካለፈ ጉዳቱ መታየት ይጀምራል። ምልክቱ ከአሮጌው ቅጠል ጫፍ ተነሥቶ በጠርዙ ወደ ኋላ የሚሄድ ቡናማ መቃጠል ነው። ውኃዎ ጨዋማ ከሆነ የዌስት ኢንዲስ ሩትስቶክ ይሻላል፤ እስራኤላውያን አልሚዎች ለጨዋማ ውኃቸው የመረጡት ይህንኑ ነው።

ችግኙን ሲረከቡ የተዳቀለበትን ቦታ በጣትዎ ይዳብሱት። ከላይና ከታች ያለው ግንድ ውፍረቱ ተቀራርቦ፣ መጋጠሚያው ያለ ስንጥቅ ተዘግቶ መገኘት አለበት። ጥቂት ችግኞችን ከከረጢታቸው አውጥተው ሥራቸውን ይመልከቱ፤ ጤነኛው መጋቢ ሥር ወደ ነጭ የሚያደላ ክሬም ቀለም ያለውና ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ የሚሰበር ሲሆን፣ የተበከለው ጥቁርና ሲይዙት የሚፍረከረክ ነው። አንድ ጥቁር ሥር ካገኙ ጭነቱን በሙሉ ይመልሱ፤ በሽታውን ከፍለው ወደ ንጹሕ መሬት ማስገባት ነውና። ችግኝ ጣቢያው ዘሩን በ50 ዲግሪ ገደማ ሙቅ ውኃ ለ30 ደቂቃ ማጽዳቱን፣ ቅርንጫፉ የተቆረጠበት እናት ዛፍም ሰንብሎች ከሚባለው ቫይሮይድ (ከቫይረስ ያነሰ በሽታ አምጪ) ነጻ መሆኑ መመርመሩን ይጠይቁ። ሰንብሎች ምልክት ሳያሳይ በዛፉ ውስጥ ሊኖር ይችላል፣ በመቁረጫ መቀስም ይተላለፋል፣ መድኃኒትም የለውም። ሩትስቶኩን ለመንገር የማይፈልግ አቅራቢ የሚሸጠውን አያውቅም ወይም እንዲያውቁበት አይፈልግም፤ በሁለቱም መንገድ ሌላ አቅራቢ መፈለግ ይሻላል።

መስኖኛ፦
ሦስት ሄክታር መወሰንዎ ለውኃውም ይበጃል። በሞቃትና ደረቅ ወቅት ቅርንጫፉ የተገጣጠመ የአቮካዶ ማሳ በቀን አምስት ሚሊሜትር ገደማ ውኃ ይፈልጋል ብለው ያስሉ፤ ይህ በሄክታር 50 ሺህ ሊትር፣ በሦስት ሄክታር 150 ሺህ ሊትር ነው። ፓምፑ በቀን 20 ሰዓት ቢሠራ እንኳ ጉድጓዱ በሰከንድ ከሁለት ሊትር በላይ ያለማቋረጥ መስጠት አለበት። ይህን የሚለካው በዝናብ ማግስት ሳይሆን በደረቁ ወቅት መጨረሻ ላይ ነው።

አጠጣጡ ጥቂት በጥቂቱ፣ ቶሎ ቶሎ መሆን አለበት፤ ሥሩ ላይ ላዩን ስለሆነ በሳምንት አንድ ጊዜ ማጥለቅለቅ አንዴ ያፍነዋል፣ ቀጥሎ ያስጠማዋል። ከዛፉ ሥር ሰፋ አድርጎ የሚረጭ ማይክሮ ስፕሪንክለርን ከጠብታ መስኖ አስበልጣለሁ፤ ሥሩ የሚዘረጋው ውኃው በደረሰበት ስፋት ልክ ነውና። በ30 ሴንቲሜትር ጥልቀት ቴንሲዮሜትር፣ ማለትም የአፈር እርጥበት መለኪያ ይትከሉ። ከፍተኛ ሙቀት እንደሚመጣ ከተነገረ ማሳው ከአንድ ቀን በፊት ጠጥቶ ይደር፤ ዛፉ ከጠወለገ በኋላ የሚመጣ ውኃ የረገፈውን ፍሬ አይመልስም።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ ልናገር። ዛፍ ጠውልጎ ባዩ ጊዜ ውኃ ከመክፈትዎ በፊት አፈሩን በእጅዎ ይጨብጡት። ሥሩ የበሰበሰ ዛፍ በእርጥብ አፈር ላይ ቆሞ ይጠወልጋል፤ ቅጠሉ አንሶና ገርጥቶ ይንጠለጠላል፣ አናቱ ላይ ያሉ ቅርንጫፎች ይደርቃሉ። ሠራተኛው የተጠማ መስሎት ውኃ ሲጨምርለት ተሕዋሱ የሚፈልገውን ሰጠው ማለት ነው። ከማውቃቸው ማሳዎች በዚህ የጠፋው ዛፍ በድርቅ ከጠፋው ይበልጣል።

ቀይ አፈር፦
መስኖኛ ባሉት ላይ የምጨምረው ጉዝጓዝ ነው። ሻካራ የእንጨት ፍቅፋቂ ወይም የደረቀ ገለባ ከ10 እስከ 15 ሴንቲሜትር ውፍረት ከዛፉ ሥር ይንጠፍ፣ ግንዱን ግን አይንካ። በሞቃት አካባቢ ይህ የአፈሩን ሙቀት ያወርዳል፣ እርጥበቱን ያቆያል፣ ፋይቶፍቶራን የሚጻረሩ ረቂቅ ሕዋሳትንም ያበዛል። ከከረመ በኋላ በቅርንጫፉ ጠርዝ ሥር ጉዝጓዙን በጣትዎ ገለጥ ሲያደርጉት፣ ነጫጭ መጋቢ ሥሮች ወደ ላይ ወጥተው በብስባሹ ውስጥ ተጠላልፈው ያገኛሉ። ያን ካዩ ማሳው በመልካም ሁኔታ ላይ ነው። በዚያ አካባቢ መቆፈሪያ ወይም ማረሻ ፈጽሞ አይግባ።

በሽታው ከገባም ተስፋ አይቁረጡ፤ የፎስፎረስ አሲድ ጨው የሆነው ፎስፎኔት በግንዱ ውስጥ ሲወጋ ወደ ሥር ወርዶ ይሠራል። ጊዜው አዲሱ ቅጠል ጠንክሮ ሥሩ ማደግ ሲጀምር ነው፤ ለጋ ቅጠል እያለ ቢወጋ መድኃኒቱ ወደ ቅጠሉ ይሄዳል። ገዢው አገር በፍሬው ላይ የሚፈቅደውን የቅሪት መጠን አስቀድመው ይጠይቁ።

የቆላ ፍሬ፦
የተከላውን ርቀት ማንም አልመለሰም መሰለኝ። ሰባት በሰባት ሜትር ሲተከል በሄክታር 204 ዛፍ፣ ስድስት በአራት ሲሆን 416 ዛፍ ይሆናል። ጥቅጥቁ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ብዙ ምርት ይሰጣል፤ ነገር ግን በሞቃት ቦታ ዛፉ ፈጥኖ ስለሚያድግ ቅርንጫፉ ቶሎ ይገጣጠማል፣ ብርሃን ያጣው የታችኛው ክፍልም ፍሬ መስጠቱን ያቆማል። በየዓመቱ የሚገርዝ የሠለጠነ ሰው ከሌለዎት ስድስት በአራትን አይድፈሩ። እኔ ብሆን ስድስት በስድስት እተክል ነበር፤ 277 ዛፍ ነው። ማዳበሪያውን በቅጠል ምርመራ ይምሩት፤ ናይትሮጂን ሲበዛ ቅጠል ይበዛል፣ ዚንክና ቦሮን ግን ብዙ ጊዜ ይጎድላሉ።

ከለቀማ እስከ ማሸግ፦
ዘግይቼ መጣሁ፤ ስለ መድረሱ ማንም ስላልጻፈ ልጨምር። አቮካዶ ዛፉ ላይ እያለ አይበስልም፤ ከተለቀመ በኋላ ነው የሚለሰልሰው። ስለዚህ በዓይን አይታወቅም፣ መመዘን አለበት። ከበርካታ ዛፎች ፍሬ ወስደው የሥጋውን 100 ግራም በስሱ ይክተፉና ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም ድረስ በማይክሮዌቭ ቀስ አድርገው ያድርቁት። የቀረው 23 ግራም ከሆነ ደረቅ ይዘቱ 23 ከመቶ ነው፤ ለሃስ ብዙ ገዢዎች የሚጠይቁት ከ21 እስከ 23 ከመቶ ነው። ከዚህ በታች የተለቀመ ፍሬ ተጨማድዶ እንደ ጎማ ይቀራል፣ የገዢውንም እምነት ይዞ ይሄዳል። በሞቃት ቦታ ፍሬ ቀድሞ መድረሱ የገበያ ዕድል ነው፤ ዕድሉን የሚያበላሸው ጥሬ ለቅሞ መቅደም ነው።

ለቀማው በመቀስ፣ አጭር እንጨት አስቀርቶ፣ ፍሬው ደርቆ ሳለ ይሁን። የተለቀመው ወዲያው በጥላ ይቀመጥ፣ በዚያው ቀንም ወደ ማቀዝቀዣ ይግባ። ሃስ ከ5 እስከ 7 ዲግሪ ይጓጓዛል። የዌስት ኢንዲስ ዝርያዎች ግን ከ12 ዲግሪ በታች በብርድ ሥጋቸው ይጠቁራል፤ ስለዚህ ሁለቱን በአንድ ኮንቴይነር መጫን አይቻልም። ዝርያ ሲቀላቅሉ ይህን ያስቡበት።

አዲስ ማሳ፦
ሙቀቱን አንድ ዓመት ከመዘገብሁ በኋላ ዝርያውን እወስናለሁ፤ የውኃ ናሙናም ለምርመራ ሰጥቻለሁ። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ ብቻ። ችግኙ መሬት ሲገባ ይህን ፀሐይ እንዴት ይችላል?

ችግኝ አፍይ፦
ዝናቡ ሲጀምር ይትከሉ፤ ደረቁ ወቅት ሳይመጣ ሥሩ እንዲይዝ ጊዜ ያገኛል። ችግኙ በከረጢቱ ውስጥ ከነበረበት ጥልቀት በላይ አይቀበር፣ የተዳቀለበት ቦታም ከአፈሩ በላይ ይሁን። ለለጋው ዛፍ በምዕራብ በኩል ጥላ ይሥሩለት፤ የከሰዓቱ ፀሐይ ነው የሚያቃጥለው። ግንዱንና ፀሐይ የሚያገኛቸውን ቅርንጫፎች በውኃ የቀጠነ ነጭ የግድግዳ ቀለም ይቀቧቸው፤ ቀለሙ ውኃ በጥብጦ የሚሠራው እንጂ የዘይቱ አይሁን። በመጀመሪያው ዓመት የሚወጣውን አበባ በሙሉ ያራግፉለት።